ፒክአፕን ያለ ዕድሜዋ የሚያስረጁ ስህተቶች

ፒክአፕ ገዝቶ “ይቺ እንኳ ምንም አትሆንም” ያላለ ባለቤት አላጋጠመኝም። ሻንሲዋ (የብረት አጽሟ) ወፍራም ነው፣ ባሌስትራዋ (ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ የብረት ቅጠል) ጠንካራ ነው፣ ከመሬት ከፍ ስላለች ጉድጓድ አያስፈራትም። ስለዚህ ከቤት መኪና ያነሰ እንክብካቤ የሚበቃት ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጭነት የምትሸከም፣ አቧራ የምትውጥና ጭቃ የምትረግጥ መኪና ዘይቷም፣ ፍሬኗም፣ ፊልትሮዋም ቀድመው ይደክማሉ። ጋራዥ ውስጥ ያለጊዜያቸው ተበላሽተው የማያቸውን ፒክአፖች አብዛኞቹን የጎዳቸው የሥራ ብዛት አይደለም፤ ጠንካራ ናቸው እየተባለ መረሳታቸው ነው።

በጣም ከሚያናድደኝ ልጀምር፤ “ኪሎ ሜትሯ ገና ነው” ከሚለው። የሰርቪስ ሠንጠረዥ ሁለት መለኪያ አለው፤ አንዱ ኪሎ ሜትር፣ ሌላው ወር። የሚታየው ቀድሞ የደረሰው ነው። መመሪያው 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር ካለ፣ በዓመቱ 3,000 ብቻ የሄደችውም መኪና ዘይቷ ይቀየራል። ይህን ስናገር የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ “ሳትሠራ ለምን ብዬ ዘይት እቀይራለሁ?” ወንድሜ፣ ዘይቱን ይበልጥ የጎዳው እኮ አለመሄዷ ነው! ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሳ ከቃጠሎው የሚወጣው የውሃ እንፋሎትና ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ በፒስተኑ ዙሪያ አልፈው ወደ ዘይቱ ይወርዳሉ። መኪናዋ ረጅም መንገድ ሄዳ ዘይቱ በደንብ ከሞቀ ውሃው ተንኖ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ተነድታ ከቆመች ግን እዚያው ይቀራል፤ ከቃጠሎው ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎም አሲድ ይሆናል፣ ኩሽኔታዎቹንም ቀስ በቀስ ይበላል። ማየት የሚፈልግ ሰው የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ውስጡን ይመልከት። አጭር አጭር ብቻ በምትነዳ መኪና ላይ ቢጫማ፣ ነጣ ያለ፣ የሚያዳልጥ ዝቃጭ ከክዳኑ ጋር ተጣብቆ ያገኛል። ውሃና ዘይት ተቀላቅለው ነው እንዲህ የሆኑት። ዝቃጩ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ከታየ ወይም የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ከዚሁ ሠንጠረዥ ሳንወጣ ሌላም አለ። አብዛኛው መመሪያ ለከባድ አጠቃቀም የተለየ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል፤ የሰርቪሱም ርቀት ብዙ ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ያንን ገጽ ሁሉም ሰው የሌላ ሰው ገጽ አድርጎ ያልፈዋል። ከባድ አጠቃቀም የሚባለው ምን እንደሆነ አንብቡት፦ አቧራማ መንገድ፣ ሙሉ ጭነት፣ ተጎታች መጎተት፣ አጭር ጉዞ መደጋገም፣ ሞተር አስነስቶ ለረጅም ሰዓት ማቆም። ከእነዚህ አንዱም የማይነካው ፒክአፕ ብርቅ ነው። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል። ግንባታ ላይ የምትሠራ አንዲት ፒክአፕ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ ትውላለች፣ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ይጠብቃል፣ ኪሎ ሜትሯ ግን አይንቀሳቀስም። ዘይቷን ስናወርድ ወፍሮና ጠቁሮ በጭንቅ ነው የፈሰሰው፤ ቱርቦዋም ማልቀስ ጀምራ ነበር። ብዙ መኪና የሚያስተዳድሩ ሰዎች የአንድ ሰዓት ሚኒሞን እንደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አድርገው ይቆጥሩታል። ባለቤቶች ይህን ስሌት ቢለምዱት ስንት ሞተር ይተርፍ ነበር!

የአየር ፊልትሮን በኮምፕረሰር መንፋት እንደ እንክብካቤ ይታያል። ሐሳቡ መልካም ስለሆነ ጀማሪዎችን አልቆጣም፤ ግን ልንገራችሁ። ከቅርብ የሚተፋ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር የወረቀቱን ቃጫ ይከፍተዋል፤ ቀዳዳው በዓይን ባይታይም ደቃቁን አቧራ ለማሳለፍ ይበቃል። በዚያ ላይ ፊልትሮው በወጣና በገባ ቁጥር ዙሪያው ያለው ጎማ በደንብ ሳይገጥም የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። አንድ ባለቤት ፊልትሮውን በየሳምንቱ እያስነፋ፣ መኪናዋ ጉልበት አጥታና ዘይት እየጠጣች መጣች። ከፊልትሮው ወዲህ፣ ንጹሕ መሆን በነበረበት በኩል፣ ቱቦውን ፈትቼ ጣቴን ውስጡ ሳሳልፈው ቀይ አቧራ ይዞ ወጣ። ያ አቧራ ሲሊንደሩን ሲፍቅ ነው የከረመው። ፊልትሮ ስትቀይሩ ይህን የጣት ፍተሻ አትዝለሉት፤ ንጹሕ ከወጣ ፊልትሮው ሥራውን እየሠራ ነው። አምራቹ መንፋት ከፈቀደ ደግሞ በዝቅተኛ ግፊት፣ ራቅ ተብሎ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ብቻ ይነፋል። ከዚያ በብርሃን ፊት ይታያል፤ ብርሃን በአንድ ነጥብ በርቶ ካለፈ ይጣል።

በናፍጣ ፒክአፕ ላይ ከሥር ያለውን ውሃ ማውጣት የሚረሳ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። የናፍጣው ፊልትሮ ወይም የውሃ መለያው ታች በእጅ የሚፈታ ትንሽ ቡሽ አለው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ እዚያ ይወርዳል። ዳሽቦርድ ላይ የውሃ ምልክት ያለው መብራት ሲበራ “ሰሞኑን አሳየዋለሁ” አይባልም፤ ቆም ተብሎ ይወጣል። የዘመኑ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት፤ ፓምፑና ኢንጄክተሩ የሚለሰልሱትም በናፍጣው በራሱ ነው። ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይዝጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ የፊልትሮን ዋጋ የሚያስንቅ ነው። የወጣውን በብርጭቆ ተቀብላችሁ ተመልከቱት። ውሃው ከታች ተለይቶ ይተኛል፤ በመካከላቸው ጥቁር የሚያሟልጭ ነገር ካያችሁ ታንከሩ ውስጥ ተሕዋስያን መራባት ጀምረዋልና መታጠብ አለበት።

ራዲያተር በቧንቧ ውሃ ብቻ አይሞላም። ኩላንት (ለራዲያተር የተዘጋጀው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከብርድ ብቻ የሚያድን የሚመስለው ሰው ሞቃት አገር አያስፈልግም ይላል፤ ነገር ግን ዝገት መከላከሉና የመፍያውን ደረጃ ከፍ ማድረጉም የእርሱ ሥራ ነው። ቀለሙን አይታችሁም አትቀላቅሉ፤ ቀለም የአምራቹ ምርጫ እንጂ የዓይነቱ መለያ አይደለም።

አሁን ወደ ባሌስትራ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህኛው ስህተት ሰው ይገድላል። ጭነት ሲበዛ መኪናዋ ከኋላ ትሰምጣለች፤ ባለቤቱ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ባሌስትራ ያስጨምርና ቀጥ ብላ ስትቆም የመሸከም አቅሟ የጨመረ ይመስለዋል። አልጨመረም። አክስሉ ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው። በር አካባቢ የተለጠፈው የክብደት ሠሌዳም አልተቀየረም፤ እዚያ ላይ ያለው ጠቅላላ ክብደት ተሳፋሪውንም ነዳጁንም እንደሚጨምር ብዙ ሰው ልብ አይልም። የባሰው ነገር ደግሞ ከሥር ተደብቋል። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላ አክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሲገባ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ የኋላ ፍሬን የበለጠ ግፊት ያገኛል። ቅጠል የተጨመረባት መኪና ግን ሙሉ ጭና እንኳ ከኋላ አትወርድም። ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሰዋል፤ የዚያን ሁሉ ክብደት አብዛኛውን የፊት ፍሬን ይይዛል። ባሌስትራ ያስቀየረ ሰው ያ ዘንግ እንደ አዲስ መስተካከሉን ሳያረጋግጥ ከጋራዥ አይውጣ። ቡሎኖቹም ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ ቅጠል ሲቀመጥ ይላላሉ።

በዚህ ላይ ያረጀ ፍሬን ዘይት ሲጨመርበት አስቡት። ፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተረግጦ ሲወረድ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋው ይታመቃል፣ ፔዳሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወለል ይነካል። መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ ፔዳሉ ወደነበረበት ስለሚመለስ ሹፌሩ “አሁን ደህና ናት” ብሎ ጉዞ ይቀጥላል። እባካችሁ አትቀጥሉ። ፍሬን ዘይት ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይ፤ ቁልቁለት ደግሞ በከባድ ማርሽ ይወረድ።

ግራሶ የሚያስታውሰው ሰው እያነሰ ነው። በትራንስሚሽን ዘንጉ ክሮቸራ (መገጣጠሚያ) ላይ የግራሶ መግቢያ ካለ በየሰርቪሱ ይሰጠው፤ ውሃ ውስጥ ከተገባ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። መግቢያው መጀመሪያ በጨርቅ ይጠረግ፣ አለዚያ ጭቃውን ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። ማርሽ ገብቶ መኪናዋ ስትነሳ ከሥር “ጠቅ” የሚል ድምፅ ካለ ክሮቸራው እያለቀ ነው።

ስለ ውሃ ካነሳን፣ ወንዝ ከመሻገር በፊት ትንሽ ማረፍ ይጠቅማል። በጉዞ የሞቀ ዲፈረንሻል (አክስሉ መሃል ያለው የማርሽ ሳጥን) ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ይስባል። መተንፈሻ ቱቦው በጭቃ ከተደፈነ ውሃው በጎሚኒው (በማሸጊያ ጎማው) በኩል፣ አጭር ከሆነ ደግሞ በቱቦው በራሱ በኩል ይገባል። ከተሻገራችሁ በኋላ ዘይቱን አሳዩ፤ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ ያኔውኑ ይቀየር።

ፎር ዊሉን የሚፈሩ አሉ፣ የሚጫወቱበትም አሉ። በዱላ ወይም በቁልፍ የሚገባውና መካከለኛ ዲፈረንሻል የሌለው ዓይነት ደረቅ አስፋልት ላይ አይገባም፤ የፊትና የኋላ ጎማ መታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይሽከረከሩ ማርሾቹ ይጨናነቃሉ። ፈጽሞ አለመጠቀምም ያደርቀዋል። የቶዮታ መመሪያዎች በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል ንዱ ይላሉ፤ የፊቱ ክፍል ዘይት እንዲያገኝ ነው። ኮረኮንች ወይም እርጥብ አፈር ላይ አድርጉት።

ስኮርታ (ትርፍ) ጎማ። ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ሥር የተንጠለጠለውን ማንም አያየውም፤ ጭቃ ሲመታው ይኖራል፣ የሚያወርደው ሽቦም ዝጎ ይያዛል። በየሰርቪሱ አውርዱት፣ ሽቦውን ቅቡት፣ ነፋሱን ለኩት። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጭነት አይሸከምም።

የታይሚንግ ቺንጊያ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ ቀበቶ) ያላት መኪና ከሆነች፣ የመቀየሪያውን መብራት ማጥፋት መቀየር አይደለም። ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ።

ለወራት ልታቆሟት ከሆነ ብዙ ሰው የሚያደርገው በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማሠራት ነው። ይህ ከላይ ያልኩትን ውሃ ዘይቱ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) የወሰደውንም ለባትሪው አይመልስም። ወይ ሙሉ ሙቀቷ ላይ ደርሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ትነዳ፣ ወይ ጭራሽ አትነሳ። ከመቆሟ በፊት ዘይቷ ይቀየር፤ ቆሻሻ ዘይት ይዛ አትክረም። ሥሯ በደንብ ይታጠብ፤ ሻንሲው ውስጥና ካሶኒው ማዕዘን ላይ የተጠራቀመ ጭቃ እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላል። የናፍጣ ታንከር ይሞላ፣ ባዶው ቦታ ጤዛ እንዳይሠራ። የእጅ ፍሬን አይሳብ፣ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማውን በታኮ ያዙት። ባትሪው ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ይሆናል። የተሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ሆኖ እንዲከርም ከተተወ ውስጡ እየደነደነ ይሄዳል፣ ስለዚህ በየወሩ ለክታችሁ ቻርጅ አድርጉት። የምታለብሷት ሸራ አየር የሚያሳልፍ ይሁን፤ ፕላስቲክ ላብ ይይዛል።

ልታንቀሳቅሷት ስትመጡ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ተመልከቱ፣ አይጥ ጎጆ የሚሠራው እዚያ ነው። የተበላ ሽቦ ካለ ፈልጉ፣ የሁሉንም ጎማ ነፋስ ሙሉ፣ ሥሯ የፈሰሰ ነገር እንዳለ እዩ። ከዚያ አስነስታችሁ፣ ከግቢ ሳትወጡ፣ ፍሬኑን ዝግ ባለ ፍጥነት ደጋግማችሁ ሞክሩ።