ቢላዎቻችሁ እንዲታዩም፣ እንዳይዝጉም
ቢላ የምትሰበስቡ ከሆነ መጀመሪያ ቁልፍ ያለው የመስታወት ቁም ሳጥን ያዙ። በተለይ ልጅ ባለበት ቤት ግድግዳ ላይ እንዲሁ መስቀል አይሆንም፤ ቁልፉንም በሩ ላይ አትተዉት።

ዋናው ጠላት ግን እርጥበት ነው። ብዙ ሰው ቢላውን በቆዳ አፎቱ ከትቶ ለወራት ይረሳዋል፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ብረቱን ይበላዋል። እኔ አንዱን ሳወጣው ስለቱ ጥግ ላይ ሽንብራ የምታክል ቡናማ ዝገት አይቼ አንጀቴ ነው ያረረው! አፎቱን ለብቻው አስቀምጡ።

ብረቱን በጣታችሁ ነክታችሁ አትተዉት፣ ላብ ጨው አለው። በለስላሳ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ ጥረጉና የማዕድን ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። የምግብ ዘይት ይቅርባችሁ፣ ቆይቶ ይጣበቃል። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጣል አድርጉ።