የሚኒያፖሊስን የወፍጮ ፍርስራሽ ፎቶ ለማንሳት

አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያሉት የዱቄት ፋብሪካ ፍርስራሾች ፊታቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በጠዋት ውጡ፤ ማታ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ስለምትጠልቅ ጥላ ብቻ ይተርፋችኋል።

ሁሉም እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆሞ ያነሳል። አይከፋም። እኔ ግን ወርጄ ፍርስራሾቹ ያሉበት መናፈሻ፣ ሚል ሩይንስ ፓርክ ያለውን የውሃ ቦይ እመርጣለሁ። እዚያ በድንጋዩ ስንጥቅ መሃል ሣር በቅሏል፤ ጠጋ ብላችሁ አንሱት። ውሃው እንዲለሰልስ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ግማሽ ሰከንድ። ብርሃኑ ከበዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ የሌንስ መስታወት) ጨምሩ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተቃጠለው የዋሽበርን ወፍጮ መስኮቶች ባዶ ናቸው። በርከክ ብላችሁ ሰማዩን በመስኮቱ አስገቡ። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ነካ አድርጉና ብርሃኑን ቀንሱ፣ አለዚያ ነጭ ወረቀት ይሆንባችኋል። ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ ግድግዳው ላይ እንዳትወጡ!