መጀመሪያ ዋጋውን ጻፉ

«ስንት ነው?» ትላለች ደንበኛዋ ኮሜንት ላይ። «ኢንቦክስ ያድርጉን» ይላል ሻጩ። አለቀ። ልጅቷ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች።

እኔም የሀበሻ ልብስ መሸጥ ስጀምር ለወራት እንዲህ ነበር የማደርገው። ዋጋዬን ከጻፍኩ ጎረቤት ሱቅ አይቶ ይሰብርብኛል ብዬ ፈርቼ። ጎረቤት ግን ዋጋዬን ማወቅ ከፈለገ አንድ ሰው ልኮ ያስጠይቃል፣ ፌስቡክ አያስፈልገውም። ዋጋውን የደበቅኩት ከገዢዬ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ዋጋ ጻፉ። የሚለያይ ከሆነም መነሻውን ንገሩና «እንደ ጥለቱ ስፋት ይጨምራል» በሉ፣ ሰው ይገባዋል።

ሁሉም ቦታ ካልተገኘሁ አትበሉ። ቲክቶክ አንድም ተከታይ ባይኖራችሁ እንኳ ቪዲዮአችሁን ለማያውቃችሁ ሰው ያሳያል፤ ለመታወቅ ጥሩ ነው። ሱቃችሁ ግን ቴሌግራም ቻናል ይሁን። የለጠፋችሁት እዚያው ይቆያል፣ ደንበኛ ወደ ላይ እየሳበች የድሮውን ታያለች፣ ለእህቷም ፎርዋርድ ታደርጋለች። ቻናሉ አናት ላይ አንድ መልእክት ፒን አድርጉ፦ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ የዴሊቨሪ ዋጋ፣ አከፋፈል፣ እና አድራሻ። አድራሻ ስል «ሽሮ ሜዳ» ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከታክሲ የወረደ ሰው ሳይደውል የሚያገኛችሁ መሆን አለበት። ፌስቡክ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በግል አካውንት አትሽጡ፣ 5,000 ጓደኛ ላይ ይቆማል። ገጽ ክፈቱ።

ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነውና። ሱቅ ውስጥ ባለው መብራት የተነሳ ነጭ ፈትል ወይ ቢጫ ይሆናል ወይ ሰማያዊ ይመስላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ መስኮት አጠገብ ወይም በር ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው አንሱት። ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉ ቀሚሱ ሰው ለብሶት፣ ጥለቱ በጣም ከቅርብ ክሩ እስኪታይ፣ እና ውስጡ ስፌቱ። የስፌቱን ፎቶ ማንም አያነሳውም፤ ውጭ አገር ሆና የምታዝዝ ሴት ግን በእጇ ዳስሳ ማየት ስለማትችል እሱን ነው የምትጠይቀው። ፊልተር በጭራሽ አትጠቀሙ። አንዴ ፊልተር ያደረግኩበት አረንጓዴ ጥለት ወደ ሰማያዊ አድልቶ ወጣ፤ ልብሱ ለሠርግ ነበር፣ ደንበኛዬ መለሰችው። ልክ ነበረች።

መቼ መለጠፍ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ የኛው ካላንደር ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ፣ ግን ጥር 11 የሚለበሰውን በታኅሣሥ መጨረሻ ብታስተዋውቁ ሸማኔው ከየት አምጥቶ ያደርሳል? ኅዳር ላይ ጀምሩ፣ «ትእዛዝ የምንቀበለው እስከዚህ ቀን ነው» ብላችሁ ቁርጡን ጻፉ። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይኖር ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ዝም አትበሉ፣ ሸማኔው ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ልቀቁ፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ያለባቸው ሰዎች የሚመርጡት ያኔ ነው።

ተከታይ አትግዙ፣ እባካችሁ። ቴሌግራም ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ስንት ሰው እንዳየው ያሳያል። 20,000 አባል ያለው ቻናል ላይ 150 እይታ ያየ ደንበኛ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሚከፈልበት ማስታወቂያም ይቆይ፤ መጀመሪያ በነጻ ብዙ ጥያቄ ያመጣው ፖስት የቱ እንደሆነ እዩና ገንዘባችሁን እሱ ላይ አውጡ።

መልስ ስትሰጡ ቶሎ ስጡ፣ በትልልቅ ሰው ወግ «እርስዎ» በሉ። ቅሬታ የጻፈ ሰው ኮሜንት አታጥፉ፤ እዚያው ይቅርታ ጠይቃችሁ ምን እንደምታደርጉ ንገሩት፣ ሌላው እያነበበ ነው። ክፍያ ላይ ደግሞ ስክሪንሾት አትመኑ። ገንዘቡ በራሳችሁ ቴሌብር ወይም ባንክ ሒሳብ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ ለዴሊቨሪ ልጅ እንዳትሰጡ።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የገዛን ሰው ሁሉ «የት አይተውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። እኔ አብዛኛው ከቲክቶክ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩን ስቆጥር ብዙዎቹ ዘመድ ወይም ጓደኛ ፎርዋርድ ባደረገላቸው የቴሌግራም ፎቶ ነው የመጡት፤ ግማሹ ፎቶ ላይ ግን ስልኬ እንኳ አልነበረም። አሁን ዋጋውም ስልኩም ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አለ፣ በሄደበት አብሮት ይሄዳል።