ኮዬ ፈጬ ተቀምጦ ሞዴል ማሠልጠን

የማስተርስ ጥናቴ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ሞዴል ማሠልጠን ማለትም ኮምፒውተሩ ከብዙ ጽሑፍ እንዲማር ማድረግ ነው። ላፕቶፔ ጂፒዩ (ለሥልጠናው የሚረዳው ፈጣን የስሌት ቺፕ) የለውም። እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደግሞ መብራት አይታመንም። ስለዚህ በኢንተርኔት በሰው ማሽን ነው የምሠራው።

ካግል (ኮድ ጽፋችሁ በእነሱ ማሽን የምታስሮጡበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንት ክፈቱና በስልክ ቁጥራችሁ አረጋግጡ፤ ያለዚያ ጂፒዩ አይሰጣችሁም። በሳምንት 30 ሰዓት ገደማ በነጻ ይገኛል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን «ሴቭ ቨርዥን» የምትለዋ ቁልፍ ናት። እሷን ተጭናችሁ «ሴቭ ኤንድ ረን ኦል»ን ስትመርጡ ኮዱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይሮጣል። መብራት ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ ቢዘጋ ግድ የለም። ማታ አስጀምሬ እተኛለሁ። ብቻ አስቀድማችሁ በትንሽ ዳታ ሞክሩት፤ አለበለዚያ አንዲት የኮድ ስህተት መሐል ላይ ታስቆመውና ጠዋት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። አንዱ ሩጫ ከ12 ሰዓት ስለማያልፍ በየሥልጠናው ዙር ቼክፖይንት (ሞዴሉ እስከዚያ የደረሰበትን ቅጂ) አስቀምጡ።

ኮላብ የተባለው ተመሳሳይ የጉግል አገልግሎት ለአጭር ሙከራ ይበቃል። ዝም ካላችሁት ግን ይቋረጣል፤ ጉግል ድራይቭ ላይ ያላስቀመጣችሁት ፋይልም አብሮ ይሄዳል።

ዳታስ? ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ማሳካኔር የተባለ የዳታ ስብስብ አማርኛ አለበት፤ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞች ተለይተውበታል። ሃጊንግ ፌስ (ሞዴልና ዳታ የሚጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ታገኙታላችሁ። ወደ ላፕቶፓችሁ ግን አታውርዱት! ከካግል ኖትቡክ (ኮዱን ከምትጽፉበት ገጽ) ውስጥ በቀጥታ ጥሩት፤ የሞባይል ፓኬጃችሁ አይነካም።

ኮዱን ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና የሚጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ አድርጉና አማካሪያችሁንም አስገቧቸው። የእኔ አማካሪ ኢሜይል ቶሎ አይመልሱም፤ እዚያ ግን መስመር በመስመር አስተያየት ይጽፉልኛል።