የአንበሳ ጎፈር እንጉዳይን ለድባቴ በጥንቃቄ እንዴት እንሞክር?

የአንበሳ ጎፈር ነጭ እንጉዳይ ነው። ከዛፍ ግንድ ላይ እንደ ጎፈር ይንዠረገጋል። ጃፓኖች ያማቡሺታኬ ይሉታል። አሁን በካፕሱል ይሸጣል፤ ድባቴን ያድናል የሚሉ ሻጮችም ሞልተዋል። ለዚያ የሚበቃ ማስረጃ የለም። ተስፋ የሚሰጥ ጅምር ግን አለ።

መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። የድባቴ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ እባክዎ በራስዎ አያቋርጡ። በድንገት ሲቆም ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ እንጉዳዩ ይቆይ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ነፍሰ ጡሮች፣ ደም የሚያቀጥን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ቀጥሎ ስሜትዎን ይለኩ። ፒኤችኪው-9 የሚባል ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ በአማርኛም ተተርጉሟል። ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። ቀኑን ጽፈው ወረቀቱን ያስቀምጡ።

ከዚያ ግዢው ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጃፓናዊው ኬሚስት ሂሮካዙ ካዋጊሺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለት ዓይነት ውህዶች ለይተው አወጡ። ሄሪሴኖን ከሚበላው አካል፣ ኤሪናሲን ከሥር መሰሉ ክር ይገኛል። ሁለቱም በላብራቶሪ ሕዋሳት የነርቭ ዕድገት ፕሮቲን እንዲያመርቱ አነሳስተዋል። ይህ ፕሮቲን የነርቭ ሕዋሳት እንዲያድጉና በሕይወት እንዲቆዩ ያግዛል። በጭንቀት በተያዙ አይጦች ላይም በኤሪናሲን የዳበረ ክር የድባቴ ምልክቶችን ቀንሷል። አይጥ ግን ሰው አይደለም። ወደ ዕቃው ስንመለስ፣ ክሩ ብዙ ጊዜ በሩዝ ወይም በአጃ ላይ ያድግና ከእህሉ ጋር አብሮ ይፈጫል። ስለዚህ ገዢው ስታርች ይዞ ሊቀር ይችላል። የትኛው ክፍል እንደሆነና የቤታ ግሉካን (በእንጉዳይ ውስጥ የሚገኝ የአሰር ዓይነት) መጠኑን በግልጽ ያልጻፈ ዕቃ አይግዙ።

ከጫካም አይልቀሙ። ከዝናብ በኋላ የሚበቅለው የጅብ ጥላ ሁሉ አይበላም፤ የሚገድልም አለ። የአእምሮን ሁኔታ የሚለውጠው ሲሎሳይቢን ያለበት እንጉዳይም ፍጹም ሌላ ነገር ነው። እሱ በድባቴ ላይ የሚፈተነው ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ነው።

መጠኑስ? እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የጃፓን ጥናት 30 ሴቶች ተሳትፈዋል። ገሚሶቹ ለ4 ሳምንታት በቀን 2 ግራም ዱቄት በኩኪስ መልክ በሉ፤ የድባቴና የጭንቀት ውጤታቸውም ቀነሰ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አንመካበት። እርስዎ በ1 ግራም ይጀምሩ፤ ከሾርባ ወይም ከአጥሚት ጋር ይቀላቅሉት። ሳምንት ሙሉ ከተስማማዎት ወደ 2 ግራም ከፍ ያድርጉ። ሽፍታ ከወጣ ወዲያው ያቁሙ። ትንፋሽ ካጠረዎት ደግሞ በፍጥነት ሕክምና ይሂዱ።

2 ግራም በጀመሩ በ4ኛው ሳምንት መጠይቁን እንደገና ይሙሉ። ውጤቱ 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ለውጡ ቁም ነገር አለው። ካልቀነሰ እንጉዳዩን ይተዉት። በሁለቱም መንገድ ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።