ነጭ ጋቢ በፎቶ ላይ እንዳይቃጠልባችሁ

ጎጃም ውስጥ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሰው ፎቶ ስታነሱ ጋቢውና ነጠላው ወረቀት መስሎ ይነጣል፣ ጥለቱም ይጠፋል አይደል? ካሜራው ጠይሙን ፊት አፈካለሁ ሲል ነጩን ያቃጥለዋል።

ስልካችሁ ላይ ጣታችሁን ፊቱ ላይ ሳይሆን ፀሐይ የመታው ጋቢ ላይ አሳርፉ። ብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ብቅ ትላለች፤ የጥለቱ ክር ለዓይን እስኪለይ ድረስ ወደ ታች ሳብ አድርጓት። ፊቱ ትንሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ። የጠቆረውን በኋላ በኤዲቲንግ ማፍካት ይቻላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

ለእኔ ከዚህም የሚሻለው ቦታ መቀየር ነው። «እማማ፣ ላንሳዎት?» ብላችሁ ከፈቀዱ የዋርካው ጥላ ጫፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው እንዲቆሙ አድርጉ። ከደረቁ መሬት የሚንጸባረቀው ብርሃን ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ ያነሳላችኋል። ያነሳችሁትን ማሳየት እንዳትረሱ፤ ሁለተኛው ፎቶ ሁሌም ፈታ ያለ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ስለሚያልፍ ፀሐዩ ቶሎ ይከርራል።

ጢስ ዓባይ ለምትሄዱ፦ ቀስተ ደመናውን ፀሐይ ወዳለችበት ዞራችሁ አትፈልጉት። ፀሐይን ከጀርባ አድርጉና የራሳችሁ ጥላ በወደቀበት አቅጣጫ ፏፏቴው የሚረጨውን ጉም ተመልከቱ። ሌንሱን የምትጠርጉበት ንጹሕ ጨርቅ ያዙ።