ለቤትም ለመድረክም የሚሆን የጊታር አምፕ ስትገዙ

አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ባለ ስፒከር ሳጥን) ልገዛ ነው የሚለኝ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ዋት ይሁን?" ብሎ ነው፣ እኔ ደሞ መልሼ የት ነው የምትኖረው እለዋለሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መድረክ የሚወጣው ምናልባት ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሌላውን ቀን ከግድግዳው ማዶ ህፃን ተኝቶ ነው የሚለማመደው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው አምፑ በጣም ዝቅ ሲል ድምፁ ይሞታል አይሞትም የሚለው ነው።

ዋቱን ብዙ አታስቡት። ከ50 ወደ 100 ዋት ሲኬድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፣ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 እጥፍ ያህል ዋት ይፈልጋል። ከድራም ጋር ለመጫወት ትራንዚስተር ከሆነ 50 ዋት በ12 ኢንች ስፒከር ይበቃል። ቲዩብ (በትራንዚስተር ፈንታ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሰራ) ከሆነ 15 ዋትም ያስኬዳል፣ ግን የቲዩብ ጣሙ የሚወጣው ከፍ ሲል ስለሆነና ቲዩቦቹም በየጊዜው ስለሚቀየሩ ለኮንዶሚኒየም አልመክረውም።

እኔ ለብዙ ሰው የምለው ቦስ ካታና 50ን ነው። አንዱ አምፕ በ50፣ በ25 እና በ0.5 ዋት ስለሚሰራ ቤት 0.5 ላይ ታደርጉታላችሁ፣ ማታ በሄድፎን፣ መድረክ ላይ ደሞ ከዛው ከሄድፎኑ ቀዳዳ (Phones/Rec Out) መስመር አውጥታችሁ ቀጥታ ሚክሰሩ (የመድረኩን ድምፅ ሁሉ የሚያቀናብረው ማሽን) ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ክብደቱም ወደ 12 ኪሎ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ሮላንድ ጄሲ 120 ከ1975 ጀምሮ በክሊን (ባልሻከረ፣ ንፁህ) ድምፁ የታወቀ ነው፣ በጣም ነው የምወደው፣ ግን 28 ኪሎ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ሌላ ነገር ነው። ሌላ አምፕ ከገዛችሁም ላይን አውት (ወደ ሚክሰር የሚሄድ መስመር መውጫ) እንዳለው እዩ፣ ስፒከር አውት (የስፒከር መውጫ) የሚለውን ግን በፍፁም ሚክሰር ላይ እንዳትሰኩት፣ ያቃጥለዋል።

መብራት ላይ ደሞ አደራ። የኛ 220 ቮልት ነው፣ ከአሜሪካ የሚመጣው አምፕ 120። የመጀመሪያ አምፔን ዘመድ ከአሜሪካ አምጥቶልኝ ሶኬቱን በአዳፕተር አስገጥሜ ሰካሁት፣ ወዲያው ጭስ ጭስ አለኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፣ ከጀርባው የተፃፈውን አንብቡ፣ 120 ካለ ከ220 ወደ 110-120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ፣ አቅሙም አምፑ ከሚፈልገው በደንብ ይብለጥ። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፣ ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ይችላል። ፒያሳ አካባቢ ባሉ አሮጌ ቤቶች ኤርዝ የሌለው ሶኬት ካጋጠማችሁና ማይክ ሲነካችሁ ከንፈራችሁን ከነዘራችሁ መጫወቱን አቁሙ፣ ቀልድ አይደለም።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ጊታርና ኬብል ያዙ። ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) አጥፉት፣ ሪቨርቡን (የሚያስተጋባውን) ትንሽ ብቻ ክፈቱ፣ ከዛ ትዝታን ቀስ ብላችሁ ነጠላ ነጠላ እያደረጋችሁ ተጫወቱ፣ ኖታው ሳይቆራረጥ ረጋ ብሎ ከጠፋና በስሱ ስትነኩት ስሱ፣ ጠንከር ስትሉ ጠንካራ ከሆነ አምፑ እጃችሁን ያዳምጣል ማለት ነው። በዲስቶርሽን ሁሉም አምፕ ያምራል፣ ባቲና አንቺሆዬ ላይ ነው የሚለየው። ያገለገለ ከሆነ ማዞሪያዎቹን ሁሉ አዙሩ፣ ቻ ቻ የሚል ካለ አስተውሉ፣ ጃኩን (ኬብሉ የሚሰካበትን) ነቅነቅ አድርጉት፣ ግማሽ ሰዓትም በርቶ ይቆይ፣ ችግር ያለበት አምፕ ብዙ ጊዜ የሚያሳብቀው ሲሞቅ ነው።